ሰፈር በ42 ዶላር

«ውሻው የት ሄዶ ነው ዛሬ ድምፁ የጠፋው?» አለችኝ እማዬ በስልክ።

ማክሰኞ ነበር። እሷ አዲስ አበባ፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ።

«ዴይኬር ነው» አልኳት።

«ምን ነው?»

«የውሻ መዋያ። ጠዋት አደርሰዋለሁ፣ ማታ አመጣዋለሁ።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» አልኩ። አልተቋረጠም።

«ይከፈልበታል?»

«አዎ።»

«ስንት?»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። አልዋሸሁም። «በቀን 42 ዶላር» አልኳት። ወደ ብር ስትመነዝረው ታወቀኝ። ከዚያ የባሰውን ጥያቄ አመጣችው።

«አንቺ ዛሬ ሥራ ገብተሻል?»

«አልገባሁም። እረፍት ነኝ።»

«ታዲያ ቤት ቁጭ ብለሽ ውሻውን ለምን ሰደድሽው?»

ለዚህ በስልክ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። «ጓደኞቹ የሚመጡት ማክሰኞ ነው» ብላት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ወሬ ቀየርኩ፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጠየቅኳት። ስለ ሽንኩርት ከተጠየቀች ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትረሳለች።

ውሻችን ዳቦ ወደ ቤታችን የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ሚያዝያ ላይ ነው። ያኔ አሜሪካ ቤቱን ዘግቶ ውሻ ያሳድግ ነበር። የእንስሳትን መጎሳቆል የሚከላከለው የአሜሪካ ማኅበር በዚያው ዓመት ባወጣው አኃዝ መሠረት፣ በወረርሽኙ ጊዜ ወደ 23 ሚሊዮን የሚጠጉ ቤተሰቦች ውሻ ወይም ድመት ወስደዋል። ከአምስት ቤት አንዱ ማለት ነው። ከነዚህ መሃል እኛም አለንበት። ልጄ 13 ዓመቷ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዙም ላይ ተጥዳ ስትውል ፊቷ ግራጫ እየሆነ ሄደ። ውሻ ብላ ለመነችኝ፣ እኔም ተሸነፍኩ።

ከደቡብ ካሮላይና በቫን ተጭኖ ነው የመጣው። ደቡብ ያሉት መጠለያዎች ሲሞሉባቸው ውሾቹን እየጫኑ ወደ ሰሜን ይልካሉ። አምስት ወር ገደማ ይሆነዋል አሉን። ዘሩን ግን በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ጀርባው ልክ ኮባው ከላዩ እንደተነሳ ድፎ ዳቦ ቡናማ ነው። ስሙም ከዚያ መጣ።

ዳቦ ፈሪ ነበር። ኮፍያ ያደረገ ወንድ፣ ብስክሌት፣ የቆሻሻ መኪና፣ የተከፈተ ጃንጥላ ያስደነግጠዋል። ከሁሉ በላይ ግን ሌላ ውሻ። መንገድ ማዶ ውሻ ካየ ፀጉሩን አቁሞ፣ ገመዱን እየጎተተ፣ እየጮኸ ይሟሟታል። የሚያየው ሰው ኃይለኛ ይለዋል። እኔ ግን እጄ ላይ ባለው ገመድ ውስጥ መንቀጥቀጡ ይሰማኝ ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እኔ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው የምሠራው፣ ሽፍቴ 12 ሰዓት ነው። ልጅ ትምህርት ቤት፣ እናት ሥራ፣ ዳቦ ብቻውን። ማላዘን ጀመረ። ጎረቤት ታገሰ፣ ታገሰና በመጨረሻ ከሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ መጣልኝ። ትሕትና የተሞላ ደብዳቤ ነበር። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ ስትመረምረው ብዙ ነገር አስረዳችኝ። ቡችላ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ ልዩ ነው። በነዚያ ሳምንታት ያየውን፣ ያሸተተውን፣ አብሮት የተጫወተውን ሁሉ «ይሄ የኔ ዓለም ነው» ብሎ ይቀበላል። በኋላ የሚመጣው ሁሉ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ ያስፈራል። ይህን በሰፊው ያጠኑት ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የሚባሉ ሳይንቲስቶች ናቸው፤ ሜይን ውስጥ ባር ሃርበር በሚባል ከተማ፣ በጃክሰን ላቦራቶሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በዚያ አካባቢ። ዳቦ እነዚያን ሳምንታት የት እንዳሳለፋቸው የሚያውቅ የለም። ከሁኔታው ግን ብዙ ዓለም አላየም።

«በሩ ተቆልፏል ማለት አይደለም» አለችኝ ሐኪሟ። «ግን ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ ማንኳኳት ይፈልጋል።»

እዚህ ላይ ወደ ጉለሌ ልመለስ። ያደግኩት እዚያ ነው፣ የማውቃቸውም ውሾች የዚያ ሰፈር ውሾች ናቸው። ሁለት ዓይነት ነበሩ።

አንደኛው የግቢ ውሻ ነው። ከቤታችን ቀጥሎ ትልቅ የብረት በር ያለው ግቢ ነበር። እዚያ ጃክ የሚባል ውሻ ቀን ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። ከሰው ጋር የሚገናኘው ትርፍራፊ ሲወረወርለት ብቻ ነው። በአጥሩ ሥር ባለፍን ቁጥር ሰንሰለቱ ሲጮህ እንሰማለን። ሁላችንም እንፈራው ነበር። አንድ ቀን አምልጦ ወጣና ምን ያደርግ ይሆን ብለን ዛፍ ላይ ስንወጣ፣ እሱ ግን የሰፈሩን ውሾች ሲያይ ግራ ገብቶት ቆመ። ቀርበው ሲያሸቱት ጅራቱን ከሆዱ ሥር ወሽቆ አንዷን ነከሳት። ሌሎቹ ተረባርበው መለሱት። ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ ከብረት በሩ ጋር ነበር ለካ።

ሁለተኛው የሰፈር ውሻ ነው። ባለቤት አለው ቢሉም ውሸት አይደለም፣ የለውም ቢሉም ውሸት አይደለም። እኛ ቤት የሚያድር ቡቺ የሚባል ነበር። ጠዋት በሩ ሲከፈት ይወጣል። ሥጋ ቤቱ ደጅ ይሄዳል፤ እዚያ ከነባሮቹ ጋር ተራ ይጠብቃል። ቀጥሎ ፀሐይ የሚወጣበት ግንብ ሥር ተኝቶ ያረፍዳል። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ይቀበለናል። ማታ ጅብ ከእንጦጦ ሲወርድ ሁሉም በየበሩ ሆኖ አንድ ላይ ይጮሃል። ቡቺ ማን ጥርስ እንዳለው፣ ማን እንደሚያሾፍ፣ ከማን ፊት ቀና እንደማይባል ጠንቅቆ ያውቃል። ያስተማረው ሰው የለም። ሰፈሩ አስተማረው።

ሬይመንድ ኮፒንገር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ምሁር ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር የነበረው ይህንኑ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ውሾች አብዛኞቹ በገመድ የሚንሸራሸሩ ሳይሆኑ እንደ ቡቺ ያሉ የመንደር ውሾች ናቸው ይል ነበር። ይህን ሳነብ የተሰማኝ ኩራት አስቂኝ ነው። አሜሪካኖቹ «ተራ ውሻ» የሚሉት የዳቦ ዓይነቱን ነው። በዓለም መስፈሪያ ሲታይ ግን ተራው ቡቺ ነው፣ ዳቦ ነው ልዩው።

ሰፈሩን ገነት አላደርገውም። የውሻ እብደት ነበር። የተነከሰ ልጅ ፓስተር ተወስዶ ሆዱ ላይ በየቀኑ ሲወጋ አይቻለሁ። ውሻ በዛ ሲባል መርዝ ይጣል ነበር፣ ጠዋት ደግሞ እኛ ልጆች እንቆጥራቸዋለን። ቡቺም የሞተው እንደዚያ ነው። ዳቦ ይህ ሁሉ የለበትም። ክትባቱ ሙሉ ነው፣ ምግቡ ከኔ ምሳ ይሻላል። የሌለው ሰፈር ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰፈር ልከራይለት ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቦታ አልሆነም። ለሥራዬ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ መግቢያው ላይ ቆንጆ ሶፋ አለው ብዬ አስገባሁት። ከሶፋው ጀርባ አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ ከሠላሳ በላይ ውሻ፣ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸትና ስልኩን የሚነካካ አንድ ልጅ ነበር። ዳቦ ማታ ሲመጣ ድምፁ ተዘግቷል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ሌሊቱን ሲቃዥ አደረ። «ደክሞት ነው፣ ጥሩ ተጫውቷል» አሉኝ። እኔም አምኜ ሁለት ሳምንት ላክሁት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ድካምና ደስታ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሠርግ ቤት ሲጨፍር ያደረ ሰውና ሌሊቱን ፖሊስ ጣቢያ ያደረ ሰው ጠዋት ላይ ሁለቱም ዓይናቸው ቀይ ነው።

ሁለተኛውን ቦታ ያገኘሁት በሐኪሟ ጥቆማ ነው። ገና ስልክ ስደውል ጥያቄ አዘነቡብኝ። የእብደት በሽታ ክትባት አለው? የፓርቮና የዲስቴምፐር የሚባሉት የውሻ በሽታዎችስ? የውሻ ሳል? ተኮላሽቷል? ምግቡ አጠገብ ስትሄጂ ምን ያደርጋል? እንግዳ ሲያቅፈው? ከዚያ «ለሙከራ ሦስት ሰዓት ብቻ አምጪው፣ ካልተመቸው አንቀበልም» አሉኝ። የአሜሪካን ቪዛ ቃለ መጠይቅ ትዝ አለኝ። ዳቦም እንደኔ እየተንቀጠቀጠ ገባ።

እዚያ ቡድኑ የሚከፈለው በቁመት ብቻ አይደለም፣ በጨዋታ ዓይነትም ነው። መሯሯጥ የሚወዱ ለብቻ፣ መላፋት የሚወዱ ለብቻ፣ እያሸተቱ ዞር ዞር ማለት የሚወዱ ሽማግሌዎች ለብቻ። ለአሥር ውሻ ገደማ አንድ ሰው አለ፣ ስልክ መያዝ ክልክል ነው። ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት መብራት ይቀንሳል፣ ሁሉም በየጎጆው ይተኛል። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ጤነኛ ውሻ በቀን ግማሹን ያህል ይተኛል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሲላፋ የሚውል ውሻ ጨዋነት አይማርም። ሰው ቢሆንም እንቅልፍ ካጣ ነገረኛ ነው የሚሆነው።

አዳራሹ ላይ ካሜራ አለ። በስልኬ መተግበሪያ አያለሁ። ሥራ ቦታ ማይክሮስኮፕና ውሻ እያፈራረቅሁ ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው። አለቃዬ ይህን እንደማያነብ ተስፋ አደርጋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዳቦ አግዳሚ ወንበር ሥር አሳለፈ። ማንም አልጎተተውም። እዚያው ፐርል የምትባል አሮጊት ውሻ አለች። አፏ ነጭ ሆኗል፣ የኋላ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል፣ ፐርል ወደ አግዳሚው ሄደች። ፊት ለፊት አልሄደችም። መሬቱን እያሸተተች፣ ዞራ ዞራ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ከአጠገቡ ተኛች። በቃ። ሌላ ምንም አላደረገችም። ሃያ ደቂቃ ያህል ሁለቱም እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ከዚያ ዳቦ አንገቱን አስግጎ ጅራቷን አሸተተ።

በማግስቱ ሐሙስ ድፍረት ያዘውና ፊት ለፊት እየሮጠ መጣባት። ፐርል አልጮኸችም፣ አልተነሳችም። ከንፈሯን በአንድ በኩል ከፍ አድርጋ አንድ ጥርስ አሳየችው። ቆመ። ዞር አለ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ አዛጋ። ማዛጋቱ እንቅልፍ አይደለም። በውሻ ቋንቋ «ጥፋት የለም፣ ተረጋጊ» እንደማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ በጎን በኩል፣ በግማሽ ክብ ዞሮ መጣ። አሸተተችው። ሁለት ሦስት ሰከንድ፣ ከዚያ መለያየት። እኔ የማይገራ መስሎኝ የነበረው ልጅ በአንድ ጥርስ ሥርዓት ሲማር አየሁት። ስድስት ወር በቺዝ ቁራጭ ላስተምረው የሞከርኩት ነበር።

ይህን እኔ ልሰጠው አልችልም። ላቅፈው፣ ላበላው፣ ላሳድገው እችላለሁ። ከንፈሬን ከፍ አድርጌ ጥርስ ባሳየው ግን ይስቅብኛል።

ፊት ለፊት አለመሄድ የሚለው ነገር ብዙ አሳሰበኝ። በውሻ ወግ ዓይን ዓይን እያዩ ቀጥ ብሎ መምጣት ብልግና ነው። እኛ ባለቤቶች ደግሞ በጠባብ የእግረኛ መንገድ፣ በአጭር ገመድ፣ ሁለት ውሾችን ፊት ለፊት እናጋጫቸውና «ሰላም በል!» እንላለን። የሀበሻ ሰላምታ አስቡት። ደህና አደርክ፣ እንዴት ነህ፣ ቤት ደህና ነው፣ ልጆች፣ ሥራ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተብሎ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ገና በሩ ላይ «ያበደርኩህን ገንዘብ» ብሎ የሚጀምር ሰው ዳቦ በሁለተኛው ሳምንት የነበረው ዓይነት ሰው ነው።

ከዚያ ልፊያው መጣ። ቱርቦ የሚባል ወጠምሻ አለ። እሱና ዳቦ ገጠሙ። ዳቦ ፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ ቂጡን ወደ ላይ አንስቶ ጅራቱን ሲቆላ መጀመሪያ በካሜራ አየሁት። እጅ መንሳት ነው የምለው። ንጉሥ ፊት የቆመ ባላገር ይመስላል። ማርክ ቤኮፍ የሚባል የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ይህን ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ውሾች እጅ የሚነሱት ለመጀመር ብቻ አይደለም። ከበድ ያለ ንክሻ ከመንከሳቸው በፊት ወይም ከነከሱ በኋላም ይደግሙታል። «የቅድሙ ቀልድ ነው፣ እንዳትቀየመኝ» ለማለት ነው። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባለው የኒውዮርክ ተመራማሪ ደግሞ የውሾችን ጨዋታ በቪዲዮ ቀርጻ፣ ፍሬሙን እያዘገመች አይታ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ግሩም ነገር ጻፈች። ውሻ ሌላው ወደሱ እያየ ካልሆነ እጅ አይነሳም። መጀመሪያ ገፋ ያደርገዋል፣ ወይ ይጮኽበታል፣ ሲዞርለት ያኔ ነው እጅ የሚነሳው። የሚያናግረው ሰው እየሰማው መሆኑን ያረጋግጣል ማለት ነው። ስብሰባ ላይ ይህን የማያደርጉ ስንት ሰዎች አውቃለሁ።

ልፊያው መሃል ቆም ይላሉ። ሁለቱም ከውሃ እንደወጣ ሰው ከራስ እስከ ጅራት ይራገፋሉ። ከዚያ ይቀጥላሉ፣ ወይም በቃን ብለው ይለያያሉ። አንዳንድ ጊዜ ቱርቦ እያወቀ ጀርባው ላይ ይወድቅለታል። በክብደት ሁለት እጥፍ ነው፤ ቢፈልግ ያደቀዋል። ግን ሁሌ የሚሸነፍ ሰው ነገ አይጫወትም፣ ቱርቦም ይህን ያውቃል።

ሠራተኞቹ የሚያደርጓት አንዲት ሙከራ አለች፣ በጣም ወደድኳት። ልፊያው በዛ መሰላቸው እንበል። አንዱ ከላይ ሆኗል፣ ሌላው ከታች። የላይኛውን አንገት ማሰሪያውን ይዘው ትንሽ ያርቁታል። ከዚያ የታችኛውን ያያሉ። ነፃ ወጣሁ ብሎ ከሸሸ ጨዋታ አልነበረም፣ ያን ቀን ይለያዩዋቸዋል። ተነስቶ ራሱ ወደ ልፊያው ከተመለሰ ተመችቶታል ማለት ነው። ይህን ሙከራ በሰው ጓደኝነትም ላይ ብንሠራው የሚል ሐሳብ መጣብኝ፣ ከዚያ ማን እንደሚሸሽ ሳስብ ተውኩት።

እማዬ የጠየቀችኝ ግን ይህን አልነበረም። እረፍት ሆነሽ ለምን ሰደድሽው ነው ያለችኝ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት ላይ ሽፍቴ ተቀየረና ቤት በብዛት መዋል ጀመርኩ። ገንዘብም አጠረኝ። አንዳንዴ ሲመቸኝ ብቻ መውሰድ ጀመርኩ፤ አንድ ሰኞ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ዓርብ። በየሄደበት ቀን ሌላ ቡድን ያገኛል። ማንንም አያውቅም፣ ማንም አያውቀውም። ቀኑን ሙሉ ሲተዋወቅ ውሎ ይመጣል። እንደገና አግዳሚ ሥር መግባት ጀመረ። ሠራተኛዋ በቀስታ ነገረችኝ። «ከቻልሽ አንድ ቀን ምረጪና ያን ቀን አትዝለይ» አለች።

ገባኝ። ዕቁብ ነው ነገሩ። ዕቁብ ውስጥ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ሰው ይታመናል፣ ምክንያቱም ባለፈው ሳምንትም መጥቷል፣ በሚቀጥለውም ይመጣል። ፐርል ዳቦን ከንፈር ከፍ አድርጋ ብቻ የምትመልሰው ትናንት ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ስለሚያስታውሱ ነው። በየቀኑ አዲስ ከሆኑ ጥርስ ከመነሻው ነው የሚጀምረው። ለማያቋርጥ ትውውቅ የሚሆን ልብ ውሻም ሰውም የለውም። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ቋሚ ሆነ። እረፍት ብሆንም ባልሆንም፣ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም።

ስላይጎ ክሪክ በሚባለው ወንዝ ዳር ስንሄድ ለውጡን አየሁት። ውሻ ከሩቅ ሲመጣ ዳቦ እንደ ድሮው አይጎትትም። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ሣሩን ማሽተት ይጀምራል፣ እየዞረ ያሳልፈዋል። ያኛው ከጮኸ ያዛጋል። አስታራቂ ሽማግሌ ሆኖ አረፈው። ኮፍያ ያደረገ ወንድ ግን አሁንም አይወድም። መዋያው ስለ ኮፍያ አላስተማረውም።

ቤት ብቻውን ሲሆን ማላዘኑ በመዋያው አልተፈታም፣ ይህን በግልጽ ልናገር። መዋያ በሄደበት ቀን አያላዝንም፣ ምክንያቱም ብቻውን አይደለም። ብቻውን መቆየትን ግን ለብቻው ነው ያስተማርነው፤ ሁለት ደቂቃ ወጥቶ መመለስ፣ አምስት፣ አሥር፣ እያለ ወራት ፈጀ። ብዙ ሰው ውሻውን መዋያ አስገብቶ ይህ በራሱ ይፈታል ብሎ ይጠብቃል።

ለሁሉም ውሻ አይሆንም ደግሞ። ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላቸው አንዳንዶቹ ጓደኛ መምረጥ ይጀምራሉ፣ ግርግር ይጠላሉ። ያን ጊዜ ሁለት ጥሩ ጓደኛና አንድ ረጅም የእግር ጉዞ ከመዋያ ይበልጣል። እንደ ጃክ የጎረመሰ ውሻ ወስዶ አሥር ውሻ መሃል መጣል ደግሞ ጭካኔ ነው። ጥሩ ቦታ «ይሄ ለሱ አይሆንም» ብሎ ገንዘብሽን የሚመልስልሽ ቦታ ነው። ሳሉም አለ። ውሻ በተሰበሰበበት ሳል አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቺካጎ ላይ የውሻ ጉንፋን ገብቶ ከአንድ ሺህ በላይ ውሾች ታመው ነበር። የኛም ቦታ አንድ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ተዘግቷል።

መጥፎም ጠባይ ይመጣል። ቱርቦ የበር ደወል ሲሰማ በሦስት ዙር ይጮኻል። ዳቦ የበር ደወል ሲሰማ ምንም የማይለው ልጅ ነበር። አሁን ሦስት ዙር ይጮኻል፣ ልክ በቱርቦ ዜማ። ለእማዬ ስነግራት ደስታዋን መደበቅ አቃታት። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች!» ብላ ሳቀች። «42 ዶላር ከፍለሽ!»

ማታ ልንወስዳቸው ስንመጣ የመኪና ማቆሚያው ላይ እንገናኛለን። ስማችንን አንተዋወቅም። «የቱርቦ አባት»፣ «የፐርል እናት» እየተባባልን ነው የምንነጋገረው። ይሄ ለኔ እንግዳ አይደለም፤ ጉለሌም እማዬን ሰው ሁሉ በኔ ስም ነበር የሚጠራት። እዚህ እኔ «የዳቦ እናት» ነኝ። ለእማዬ ይህን አልነገርኳትም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ነጠላዬን በማጣበቂያ ጥቅል ከፀጉር እንደማጸዳም አልነገርኳትም።

ባለፈው ዓመት በጋ እማዬ ልትጠይቀን መጣች። መጀመሪያ ዳቦ ወደ ክፍሏ እንዳይገባ በሩን ዘጋች። በሁለተኛው ሳምንት በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እንጀራ ስትበላ ጫፉን ወደ ጠረጴዛው ሥር እንደምትልክ ልጄ ነገረችኝ፤ እኔ እንዳላየሁ ሆንኩ።

አንድ ማክሰኞ ማታ ዳቦን ከመዋያው ላመጣው ስሄድ አብራኝ መጣች። መኪና ውስጥ እንድትቀመጥ ብላት «ልየው፣ ገንዘቤ ነው» አለች። ገንዘቧ አልነበረም፣ ግን አልተከራከርኳትም። የመቀበያው ክፍል ከአዳራሹ በትልቅ መስታወት ነው የሚለየው። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ መስታወቱ ጋ ቆመች። ዳቦና ቱርቦ ይላፋሉ። አንዲት ትንሽ ነጭ ውሻ እየሮጠች መሃላቸው ትገባና ትወጣለች። ሁለት ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

እኔ ክፍያ ስፈርም እማዬ አልተንቀሳቀሰችም። ዳቦን አመጡልኝ፣ ገመዱን አሰርኩለት፣ እሷ አሁንም ወደ ውስጥ ታያለች።

«ያቺ አፏ የነጣው ማነች?» አለችኝ።

«ፐርል ነች። ትልቅ ነች፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።»

«ከመጣሁ ጀምሮ አልተነሳችም» አለች። ወደ ሠራተኛዋ ዞረችና በአማርኛ፣ ጣቷን ወደ መስታወቱ አድርጋ፣ «ውሃ ስጧት እንጂ» አለቻት።

ሠራተኛዋ እኔን አየችኝ። ተረጎምኩላት።